የጠዋቱ ቃሌ

የእስር ክፍሏን በደንብ ያየኋት በሩ ከኋላዬ ከተዘጋ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ፕላስቲክ በረኪና በረኪና ይሸታል። ጥግ ላይ የነበረች ሴት እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልኝና በምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። በጽሕፈት አልኳት። ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

እውነቴን ነበር። ላፍቶ መንገድ ዳር የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰው ይናገራል፣ እኔ እተይባለሁ፤ የኪራይ ውል፣ የውክልና ማመልከቻ፣ የሐዘን መግለጫ ሳይቀር። ያን ሰሞን ሀና ማርያም አካባቢ በራቸው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባባቸው ነዋሪዎች፣ ቤታችን የሚፈርሰው ለምንድን ነው የሚል አቤቱታ አስጻፉኝ። ቁጭ ብለው ቃል በቃል የነገሩኝ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። ሰፈሩ ጋሼ ይላቸዋል። ስኳር አለባቸው፤ በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ ይወጋሉ። አቤቱታው በስልክ ከሰው ሰው ዞረ፣ ሕዝብ ማነሳሳት ነው ተባለ፣ ሲጣራ ከእኔ ቤት መውጣቱ ታወቀ። ፖሊሶቹ እኔ ላይ የመጡት በዚህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቃሌን እንድሰጥ ጠሩኝ። ሌሊቱን ለአንድ አፍታ እንኳ ዓይኔን አልከደንኩም። መርማሪው ቀጭን፣ ትሑት የሚመስል ሰው ነው። ወፍራም አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ አስቀምጦ፣ የምለውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እየደገመ በሁለት ጣት ይጽፋል። በሥራዬ ምክንያት ይሄ አጻጻፍ ያቃጥለኛል፤ እዚያ ሆኜም አቃጠለኝ። ዕድሜዬን ጠየቀኝ፣ የትምህርት ደረጃዬን ጠየቀኝ፣ ከዚያ ደግሞ አቤቱታውን ማን እንዳጻፈኝ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚምታታብኝ። አፌ መከፈቱን አስታውሳለሁ። የጋሼን ስም ማሰቤንም አስታውሳለሁ። ድምፄን ግን አላስታውስም። ቀጥሎ የማውቀው መርማሪው የደረቀበትን ላፕቶፕ ጎኑን በመዳፉ ሲመታው ነው። "ስታክ አደረገ" አለ። ቻርጀሩን ነቀለ፣ መልሶ ሰካ፣ በመጨረሻ ማጥፊያውን ተጭኖ አጠፋው። ወዲያው ስልክ ተደወለለትና እኔን ወደ ክፍሌ እንዲመልሱኝ አዝዞ ወጣ።

ግማሽ ቀን ሙሉ ግድግዳውን ተደግፌ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ ተናግሬያለሁ ወይስ አልተናገርኩም? ያቺ ቦታ የለቀቀችልኝ ሴት ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። አልዋጥልሽ አለኝ። ጋሼን እዚያ ክፍል፣ እዚያ ፕላስቲክ ላይ፣ ያለ መርፌያቸው አሰብኳቸው።

ከሰዓት እንደገና ጠሩኝ። አሁን ያለችው ሌላ መርማሪ ናት፣ ደልደል ያለች፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ሴት። የጠዋቱ ስለጠፋ ከመጀመሪያው እንድጀምር ነገረችኝ። ጀመርኩ። ማን አጻፈሽ ስትለኝ፣ ብዙ ሰው ይመጣል፣ ለይቼ አላስታውስም አልኩ። የራሴን ድምፅ ይሄኔ በደንብ ሰማሁት። ወደ ማለቂያው ስንደርስ ላፕቶፑ ደግሞ ደረቀ።

"ቫይረስ ነው" አለች ተሰላችታ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ የኮምፒውተር ሰው አይደለሽ? እስቲ እዪው።"

እኔ ጸሐፊ እንጂ ጠጋኝ አይደለሁም። ግን ስጠየቅ ደስ አለኝ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሥሩን ስነካው እጄን ፈጀኝ። ወፍራሙ ጨርቅ የአየር መውጫውን ሙሉ በሙሉ ደፍኖታል፣ መውጫው ራሱ አቧራ ጠጥቷል። ቫይረስ አለመሆኑን፣ ሙቀት መሆኑን ነገርኳት። አጥፍቼ አቧራውን እፍ እፍ አልኩለት፣ ጨርቁን ገፍፌ ሁለት ወፍራም የመዝገብ ክላሰር ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ከዚያ አስነሳሁት።

ጽሑፉን ስከፍት በግራ በኩል፣ ላፕቶፑ ሲጠፋ ሴቭ ሳይደረጉ የቀሩ ሁለት ጽሑፎች ወጡ። አንደኛው ላይ የጠዋት ሰዓት ተጽፏል። እንደዚህ እንደሚመጣ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ በቀን ስንት ጊዜ ለደንበኛ እንዲህ አድርጌ የጠፋ ደብዳቤ መልሻለሁ። እጄ ሲፈጥን ጭንቅላቴ ወደኋላ ቀርቶ ነበር።

ሴትዮዋ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንዱ የጠዋቱ ቃሌ፣ አንዱ የአሁኑ መሆኑን ነገርኳት። ልዋሻት አስቤ ነበር፤ ሰዓቱ እየታየ ምን ብዬ እዋሻለሁ?

አንድ ጊዜ ብነካው ይከፈታል። ብከፍተው አውቃለሁ። እኔ ሳውቅ ግን እሷም ታውቃለች።

"ሁለት ቃል አንድ መዝገብ ላይ አይገባም" አለች። "የጠዋቱን አጥፊው።"

ይሄን ስትል ወደ መስኮቱ ነበር የምታየው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አውቃለሁም አልልም። ሳልከፍተው አጠፋሁት።

ታትሞ ሊፈረም ሲል ቀጭኑ መርማሪ ተመለሰ። ወረቀቱን አነበበ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ እንደገና አነበበ። "ጠዋት የሆነ ሰው ስም ጠርተሽልኝ አልነበረም?" አለኝ።

እሱም እርግጠኛ አልነበረም። ከእኔ በኋላ ስንት ሰው ሲያናግር እንደዋለ ፊቱ ይናገራል። ወደ ሴትዮዋ ዞረ፤ እሷ ትከሻዋን ሰበቀች። ሦስታችን አንድ ክፍል ውስጥ ቆመን ጠዋት የሆነውን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ፈራሁ። ሊያስታውስ ነው፣ አሁን ሊመጣለት ነው አልኩ ለራሴ።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ማንም አላጻፈኝም። ሐሳቡም የእኔ ነው። እንደሱ ብለው ያስገቡት።"

ከዚያ ተቀምጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ በሁለት ጣቱ ጻፈው። በገዛ እጄ ያስተካከልኩት ላፕቶፕ አንዴም አልቆመም። ሲያቀብለኝ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብዬ አነበብኩ፤ የአባቴን ስም ተሳስቶ ነበር፣ ካልታረመ አልፈርምም አልኩ። አረመው። ፈረምኩ። ከዚያ ቤት ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ወጣሁ።

ጋሼ ዛሬም ሊያስጽፉ ይመጣሉ። ለወራት ዓይናቸውን ማየት እየከበደኝ ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ ቀን ቤቱ ሰው ሲያጣ ነገርኳቸው። "ስምዎን ጠርቼ ሊሆን ይችላል፤ ጠርቼም ላይሆን ይችላል፤ አላውቅም" አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው በእጅ የተጻፈ ወረቀት አወጡ። ስለዚያው ስለ ቤቶቹ ነው፣ አዲስ አቤቱታ።

ተየብኩት። እንደ ወትሮው ከሥሩ ነዋሪዎቹ ብዬ ልዘጋው ስል እጃቸውን አነሱ።

"ስሜን ጻፊው" አሉኝ። "ከነአባቴ።"

ይቅርብዎ ብዬ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጻፍኩት። ደንበኛ የሚያስጽፈውን መጨረሻ ላይ ጮክ ብዬ ማንበብ ልማዴ ስለሆነ አነበብኩላቸው፤ ስማቸው ላይ ስደርስ ቀስ አልኩ። አፌ ይሄን ስም ከዚያ ከምርመራው ጠዋት ያውቀው እንደሆነ ለማዳመጥ ነው። እሳቸው እንዳልሰሙ አስመስዬ እንደገና አነበብኩት። አሁንም አላወቅሁም።