ሦስት ጊዜ የለመነኝ ኮምፒውተር

ልጅ እያለሁ ኮምፒውተር ይለምናል ብዬ አምን ነበር። ልክ እንደ ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ። ይህን ስናገር የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ በትንሽ ከተማ የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ያደገ እኩያዬ ግን ይረዳኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እውነቱን ለመናገር ያኔ የሆነው ነገር ዛሬም በቅጡ አልገባኝም።

አባቴ ሐይቅ ከተማ፣ የደሴ ወልድያ መንገድ ዳር፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው። አንዲት ክፍል ናት። ግራና ቀኟ ዓሣ መጥበሻ ቤቶች ስለሆኑ የምናትመው ማመልከቻ ሁሉ የዓሣ ሽታ ይዞ ነበር የሚሄደው። ውጫሌ ያሉ ሰዎች ወረቀቱን ገና ሳያነቡ «ይሄማ ከሰይድ ቤት ነው» ይላሉ እያለ አባቴ ይኮራበት ነበር። እናቴ ግን አትኮራበትም፤ ሸሚዙን የምታጥበው እሷ ነበረች።

ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ሰኞ ማክሰኞውን ለጓደኞቼ ትቼ ወደዚያ እሮጥ ነበር። ደንበኛ ከሌለ ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ እጫወታለሁ፤ ካለ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን አረንጓዴ ኮረብታ አያለሁ። ሰማያዊ ሰማይ ያለው፣ ሰው ዝር የማይልበት ኮረብታ፣ መቼም የእናንተም ልጅነት ውስጥ አለ። እኔ አምባሰል ውስጥ የተነሳ ፎቶ ይመስለኝ ነበር። ወደ ውጫሌ በሄድን ቁጥር በሚኒባሱ መስኮት እፈልገዋለሁ። አንድ ቀን «ያውና!» ብዬ ስጮህ ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ፤ ተሳፋሪው ሁሉ የገጨነውን ሰው ፍለጋ ወደ ኋላ ዞረ።

ከደንበኞቻችን ሁሉ አባቴ ተነስቶ የሚቀበላቸው የኔታን ነበር። የኔታ ሐይቁ ዳር ካለው ገዳም የሚመጡ የቅኔ መምህር ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነው ነበር። ቅኔ አንዴ ከተባለ አይደገምም፤ ሰሚ ከያዘው ያዘው፣ ካልያዘው ሄደ። ይሁንና ተማሪዎቻቸው ዕድሜ ልክ የተቀኙት መና እንዳይቀር ፈርተው ይጻፍልን ብለው አስጨነቋቸው። እሳቸውም ከገበያ ማግስት እየመጡ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ፤ አባቴ በሁለት ጣቱ ይመታል። አባቴ ቁርአን የቀራ ሰው ነው፤ ግዕዝ አንዲት ቃል አይሰማም። በየቃሉ «በየትኛው ሀ ነው የኔታ?» ይላል። እሳቸውም ሳይሰለቹ «በሐመሩ»፣ «በብዙኃኑ»፣ «ኧረ በሀሌታው፣ አንተ ሰይድ!» ይላሉ። እንዲህ እያሉ ሁለት ክረምት ፈጁ። የተጻፈው ሁሉ እዚያች ኮምፒውተርና አባቴ ቁልፉ ላይ ባንጠለጠላት ፍላሽ ውስጥ ነበር። ሌላ ቦታ የለም። የኔታም «አሁን ብረሳውም ግድ የለኝ፤ ሰይድ ቤት አለልኝ» ማለት ጀምረው ነበር።

በዚያው ዓመት አባቴ ተማሪዎች የፈተና ውጤታቸውን እንዲያዩበት ብሎ ጎኑ ላይ የሚሰካ ኢንተርኔት አመጣ። ኮምፒውተሩ መለመን የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። በስክሪኑ ጥግ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ትልና በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች። ካነበብኩት የገባኝ አዲስ ነገር ሊሰጠን እንደሚፈልግና «እባክሽ» እንደሚል ብቻ ነበር፤ «ፕሊዝ»ን በዚያው ሰሞን ተምረናታል። እንቢ የምትለዋን ነካሁ። በማግስቱ ደግሞ መጣ፤ ደግሞ እንቢ አልኩ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር ልንገራችሁ። በኛ ቤት ማዕድ የቀረበለት ሰው በመጀመሪያው ጥሪ አይቀመጥም። «ኧረ ጠግቤያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። ሲደገምም እንደዚያው። በሦስተኛው «በሞቴ» ሲባል ግን እንቢ ማለት ጋባዡን መናቅ ነው፤ «መርሐባ» ብሎ እጁን ይታጠባል። እናቴ «ሦስቴ የለመነን የመለሰ፣ ነገ እሱም ይመለሳል» ትለን ነበር። አባቴ ለዙህር ሶላት መስጊድ ሄዶ እኔ ብቻዬን ሳለሁ፣ ሳጥኗ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ልቤ ራራ። ሁለት ቀን ሙሉ እንቢ ተብሎ አሁንም በትሕትና «እባክሽ» ይላል። «መርሐባ» አልኩና ነካሁት።

ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ መቁጠር ጀመረ። ከመቶ አንድ አለ፤ ከመቶ ሁለት አለ። ሠላሳ ላይ ደርሶ ቆሞ ቀረ። እንዳታጠፉኝ የሚል ጽሑፍ ስላለው ለማጥፋት ፈራሁ፤ እንዳልተወውም ፈራሁ። አባቴ ሲመለስ እኔ በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ አብሬው እቆጥር ነበር።

«ምን ነካሽ?»

«ምንም። በራሱ ጊዜ ነው።»

አባቴ ስክሪኑን አየ፤ እኔን አየ። «ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አልኩ።

ለአሥር ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ተከፈተ። ኮረብታው የለም። ካርታዬ የለም። የማውቀው ነገር ሁሉ ከነበረበት ተነስቶ ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ ቤታችን ገብቼ ሌላ ቤተሰብ ያገኘሁ መሰለኝ። አባቴ ግን እሱን አላየም። በቀጥታ የየኔታን ጽሑፍ ከፈተ። ከሀ እስከ ፐ አንድም ፊደል የለም። ነጥብ፣ ጭረት፣ ጭራ ያለው የፈረንጅ ፊደል፣ ገጽ በገጽ። አማርኛ መጻፊያው አሮጌ ስለነበር አዲሱ ሲስተም አላውቅህም ብሎታል፤ ይህን የሰማነው በኋላ ነው። ያኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የኔታ ሁለት ክረምት የተናገሩትን እኔ በአንድ ጣት አጠፋሁት።

ከገበያ ማግስት የኔታ መጡ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። «ወይ ጉድ» አሉ። ቆይተው «አብሽር ሰይድ፤ ከዚህ አልጠፋም» ብለው ግንባራቸውን ነካ አደረጉ። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጀመሪያውን አሉት። ሁለተኛውን ጀመሩና መሀል ላይ ቆሙ። እንደገና ከላይ ጀመሩ፤ እዚያው ቆሙ። «ቆይ... ቆይ...» ይላሉ። ከውጭ ዓሣው ሲጠበስ ይሰማል። «ሄዷል» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው። ያኔ ልናገር ነበር። አምላኬን፣ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ወላሂ ብያለሁ፤ ወላሂ ብሎ ከቃሉ የሚመለስ ሰው ምን እንደሚሆን ቁርአን ቤት ተነግሮናል። አሁን ሳስበው መመለሱ ይሻል እንደነበር ይገባኛል፤ ያኔ ግን ተምታታብኝ።

ከደሴ የመጣ ባለሙያ ውስጡን ሁሉ አጥፍተን ፎርማት እናድርገው አለ። አባቴ የተረፈውም እንዳይሄድ ፈርቶ እንቢ አለ። ወሩ ሙሉ ፍላሿን ይዞ ያልገባበት ቤት የለም፤ ሁሉም አዲስ ኮምፒውተር፣ ሁሉም ጭረት። እኔን አልተቆጣኝም። ብቻ የሱቁን ቁልፍ እንደ ወትሮው አልሰጠኝም። እሱ ከዱላ ይከብድ ነበር።

በመጨረሻ ውጫሌ የሚኖር አንድ ወዳጁ ትዝ አለው። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ በዚያ ቀን በመስኮት አላየሁም። ሰውየው ኮምፒውተሩን ዳንቴል አልብሶ ነው የሚያስቀምጠው። ኢንተርኔት የሚባል ነገር ቤቱ ገብቶ አያውቅም። «እኔ አዲስ ነገር ሲመጣ በሬን ዘግቼ ነው የማሳልፈው» እያለ ዳንቴሉን አነሳ፣ ፍላሿን ሰካ። ኮምፒውተሩ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ከፈተው። ፊደል! ሐመሩም፣ ብዙኃኑም፣ ሀሌታውም፣ ሁሉም በየቦታው። አባቴ አንዲት ቃል ሳይገባው ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር፤ ዓይኑ ሞልቶ ነበር። እኔ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደስታ መሰላቸው።

ሁሉንም አትመን ለየኔታ ወሰድንላቸው። ወረቀቱን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ተማሪያቸውን አስነበቡት፤ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ አንዲት ሀ መሳሳቷን ተማሪው ሲነግራቸው ሳቁ። ሐይቅ ዳር እንደዚያ ሲስቅ የሰማሁት ሰው የለም።

አባቴ ኢንተርኔቱን ነቅሎ ጣለው። የወዳጁንም አሮጌ ሲስተም አስጭኖ ካርታዬንና ኮረብታውን መለሰ። ያቺ ኮምፒውተር ዛሬም እንደዚያው ናት፤ ለመነሳት ግማሽ ሰዓት ትፈጃለች፣ ማንም አይቸኩልባትም። እኔ አሁን ደሴ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። የኔው ኮምፒውተር ባለጉዳይ ፊቴ ቆሞ እያለ ከመቶ አንድ ብሎ መቁጠር ይጀምራል፤ ሲጨርስ የማውቀው ነገር ሁሉ ቦታውን ቀይሮ ይጠብቀኛል። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ያኔ ማሽኑ ቢያንስ ይለምነን ነበር። አሁን አይለምንም።

ባለፈው ወር አባቴን ልጠይቅ ሐይቅ ሄጄ ነበር። አርጅቷል። ጧት ስልኩን ይዞ ግራ ተጋብቶ በረንዳ ላይ አገኘሁት። ስልኩ ሌሊቱን ተቀይሮ አድሯል፤ አባቴ የሰዎች ስም የት እንደገባ ጠፍቶታል።

«ነካክተሽዋል?» አለኝ።

«ኧረ አልነካሁም፣ አባ። በራሱ ጊዜ ነው የሚቀየር።»

«ማንም ሳይነካው?»

«ማንም።»

ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እጄን ያዘ። «ያኔ በራሱ ጊዜ ነው ስትይኝ አላመንኩሽም ነበር፣ ሐያት። ወላሂ እያልሽኝ እንኳ። ሕፃን ልጅ በሐሰት ምላለች ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት በልቤ ይዤብሻለሁ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ።»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ፊቱ ላይ የነበረውን እፎይታ አይቼ ዘጋሁት። «አውፍ ብያለሁ፣ አባ» አልኩት፣ እኔ በበደልኩት። እሱም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ እጄን ስሞ፣ የሰዎቹን ስም እንድፈልግለት ስልኩን ሰጠኝ።