ወንድሜ ዝም ያለበት ቦታ

ከወሎ ወደ አሶሳ ስንሰፍር ሌላው ሰው ዕቃውን ሲሸክፍ ታላቅ ወንድሜ ያቀፈው ቴፑንና አንዲት ካሴት ነበር። ደሴ ውስጥ በኦርኬስትራ ይጫወት ነበር። ሳክስፎኑ የእሱ ስላልሆነ እዚያው ቀረ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በካሴቷ አንደኛው ፊት የአሜሪካ የጃዝ ሰዎች አሉ። አንዱ ጥሩምባ ነፊ ጥቂት ነፍቶ ጭጭ ይላል። እኔ ባትሪው ያለቀ እየመሰለኝ ቴፑን በጥፊ እመታለሁ። «ተው እንጂ! ዝም ሲልም እየተጫወተ ነው» ይለኛል ወንድሜ። በሌላኛው ፊት ወንድሜ ራሱ እንደዚያ ሰውዬ አድርጎ በሳክስፎን ይጫወታል፤ ከዚያ ወዲያ ካሴቷ ባዶ ናት። ጎረቤታችን የነበሩ የበርታ ሽማግሌ አንድ ቀን አዳመጡና በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «እኛ የቅል ጥሩምባ ይነፋል። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ። ይሄ ብቻውን ሁሉ ይነፋል፤ አይደክምም?» አሉ። ወንድሜ ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ሲስቅ ከረመ።

በዚያው ክረምት ወባ ገደለው።

እናታችን ወሎ ቀርታለች። ሰፋሪው ለዘመድ የሚልከው ቃሉን በካሴት ቀድቶ ነው፤ መልሱም በዚያችው ካሴት ይመጣል። መርዶ ግን ሰው ሄዶ በማለዳ ያረዳል እንጂ በካሴት አይላክም። እኛ ደግሞ ከሰፈራ ጣቢያው መውጣት አይፈቀድልንም። መንገደኛ ሲገኝ ሌላ ካሴት አጣሁ። የወንድሜን ካሴት ከፍቼ እሱ ተጫውቶ እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ዝም ሲል መቅጃውን ተጫንኩ። «እማዬ፣ ሁላችንም ደህና ነን። እሱም ደህና ነው፤ እርሻ ሄዶ ነው» አልኩ። ባትሪ እንዳይጨርስብኝ መልሼ ሳልሰማው ላክሁት።

መልሱ ከወራት በኋላ መጣ።

«አንተ ስትጨርስ እሱ ነፋልኝ» አለች እናቴ። «ትንፋሹን ሲስብ አወቅሁት። ጎረቤት ጠርቼ አሰማሁ። ግን ልጄ፣ ለመንፋት ያልቸገረው ምነው አንድ ቃል መናገር አቃተው? እውነቱን ንገረኝ።»

ያኔ ገባኝ። ወንድሜ አልጨረሰም ነበር። ዝም ሲልም እየተጫወተ ነው ተብሎ ተነግሮኝ ዝምታውን መጨረሻ አደረግሁት። ከእኔ ቃል በኋላ የተረፈው ላይ ደግሞ እሷ ሳታውቅ ጥያቄዋን ቀዳችበት።

ካሴቷ አሁንም እኔ ዘንድ አለች። ወንድሜ ይነፋል፣ ይነፋል፣ ዝም ይላል። ሊቀጥል ነው ብዬ ስጠብቅ የራሴ ድምፅ ይመጣና፣ «እማዬ፣ ሁላችንም ደህና ነን። እሱም ደህና ነው» ይላል።