ደወሉን ሰምቼ ነበር

በእኛ ከተማ ሌባ ጨለማ አይጠብቅም። ሰባት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ሱቁ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ወንዱ ሁሉ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ሲቀነጥስ፣ ድሬዳዋ ባዶዋን ትቀራለች። ደቻቱ ውስጥ ሰው የሚደበደበው ያኔ ነው።

ደቻቱ ጎርፍ ካልመጣ በቀር ወንዝ አይባልም፤ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ቤታችን መጋላ፣ ትምህርት ቤቴ ማዶ ከዚራ ነው። ድልድይ አለ። ግን ድልድዩ አፍ ላይ ኬላ ቆሟል፤ ቦሎ ያልከፈለ ብስክሌት እዚያው ይወረሳል። በሰፈራችን ደግሞ ቦሎ የከፈለ ብስክሌት አይቼ አላውቅም። ስለዚህ በአሸዋው እንሻገራለን። አሸዋ ላይ ብስክሌት አይነዳም፣ ወርዶ መግፋት ነው። ሌቦቹ ይሄን ያውቃሉ። ሁለት እጅህ መሪው ላይ እያለ ከቁጥቋጦው ብድግ ይላሉ፤ መጀመሪያ አሸዋ ዓይንህ ውስጥ፣ ቀጥሎ ፌሮ ጉልበትህ ላይ።

ከእኛ ጋር የሚሻገረው ዳቦ አከፋፋይ ሁለት የፊት ጥርሱን እዚያ ነው የተወው። ከዚያ ወዲህ ላፏጭ ሲል ምራቁ ይረጫል፤ እኛም «አቦ አንዴ አፏጭልን!» እያልን እንስቅበታለን። ለአብዮት ጥበቃው ሄዶ አመልክቶ ነበር። ጥበቃው ጠመንጃውን እያሻሸ፣ «ይሄ ለፀረ-አብዮተኛ ነው። ለሳይክል ሌባ ጥይት አልተመደበም» አለው።

ስለዚህ የራሳችንን ሕግ አወጣን። እኛ ዳር፣ ኒሙ ዛፍ ሥር እንሰበሰባለን። ስድስት ነን፤ ዳቦ አከፋፋዩ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ሁለት የፋብሪካ ሠራተኞች፣ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪና እኔ። ስድስት ካልሞላን ማንም አይወርድም። ድሬሰሩ ከፊት ሆኖ ቁጥቋጦውን ያያል። ወደኋላ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቆጣሪው። ቆጣሪው «ሞልተናል!» ሲል ሰልፉ ይንቀሳቀሳል።

ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። «ተማሪ ነሽ፣ ቁጥር አይጠፋሽም» ብለው ሾሙኝ።

የምነዳው ብስክሌት የአባቴ ነው። ጠዋት ፋብሪካ ይሄድበታል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ላቡ ሳይደርቅ ለእኔ ይሰጠኛል። ሲሰጠኝ ሁልጊዜ የሚላት አንድ ነገር አለች፤ «ሳይክሉን ሳትይዢ ከመጣሽ፣ አንቺም አትምጪ።» ይቀልዳል ብዬ አላስብም።

ሰዓት ሠሪውን ሁላችንም አዴር ነበር የምንለው፤ በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ድሬ ላይ ሽማግሌም «አንተ» ነው የሚባለው፤ እኔም እንደ ሰፈሬ እጽፈዋለሁ። አዴር የቀትር ሶላቱን ሳይሰግድ አይመጣም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የመጨረሻው እሱ ነው። ገና ከመንደሩ ጥግ ሆኖ ደወሉን ሦስት ጊዜ ይመታል። መጣሁ፣ ጠብቁኝ ማለቱ ነው። ደወሉ ዝጎ ስለነበር ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነበር ድምፁ፤ ከከተማው ደወል ሁሉ መለየት እችል ነበር።

አንድ ቀን ድርሰቴ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ሊነበብ ነበር። ርዕሱን መምህራችን ነው የሰጠን፤ «ኅብረት»። ሌሎቹ ከግድግዳ መፈክር ገልብጠው መጡ። እኔ ስለ አሸዋው ጻፍኩ፤ ስድስት ሰዎች እንዴት እንደሚጠባበቁ። መምህሩ አነበበና ደብተሬን ሳይመልስልኝ ቆየ። መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት ያኔ ነው። ሌሊቱን በደስታ አልተኛሁም። ሰልፉ ሰባት ተኩል ላይ ነው፤ ያረፈደ ከበር ይመለሳል።

ሰባት ሰዓት አለፈ። አምስት ነን። ድሬሰሩ ቁልቁለቱን ጀምሮ፣ ዓይኑን ከቁጥቋጦው ሳይነቅል «እህስ፣ ተማሪዋ?» አለኝ።

ያኔ ደወሉን ከሩቅ ሰማሁት፤ ከፊቴ ያሉት ልብ አላሉትም። ሦስት ጊዜ።

«ሞልተናል!» አልኩ።

ወረድን። መሐል አሸዋው ላይ አንድ ጊዜ ዞር አልኩ። አዴር ብቻውን ቁልቁለቱን ይወርዳል። እጁን አነሳልኝ። የምንጠብቀው መስሎታል። አንድ ቃል ብጮህ ሁሉም ይቆሙ ነበር። ፊቴን መለስኩና ገፋሁ።

ድርሰቴ ተነበበ። ተጨበጨበ። ዳይሬክተሩ «ጓዲት!» ብሎ ጨበጠኝ። ከዚያ በላይ ተደስቼ አላውቅም፣ አልዋሽም።

በማግስቱ ኒሙ ሥር ስደርስ ወሬው ተጀምሯል።

«አዴር መሪውን አልለቅም አለ» ይላል ዳቦ አከፋፋዩ። «የቀኝ እጁን ሦስት ጣት ከመሪው ጋር በፌሮ ቀጠቀጡት። ከዚያማ ለቀቀ!»

«እኔ ነኝ ያሰርኩለት» አለ ድሬሰሩ። «አይታጠፉም ከእንግዲህ። ሰዓት ሠሪ! በምኑ ሊሠራ ነው?»

«በእግሩ» አለ አንዱ የፋብሪካ ሠራተኛ፤ ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞረ። «ትላንት ሞልተናል አላልሽም እንዴ?»

«አምስት ሞልተናል ማለቴ ነው። ይቀራል ብዬ ነው፣ ድምፁም የለ።»

«እልኸኛ ሽማግሌ» አለ። «ብቻውን ምን አስወረደው?» በቃ፣ ጥፋቱ የአዴር ሆነ። ብስክሌቱ ያን ሳምንት ተፈታቶ ሳይሸጥ አይቀርም፤ ያን የዛገ ደወል አሁን ማን እንደሚደውለው አላውቅም።

ከሁለት ወር በኋላ አዴር ኒሙ ሥር በርጩማ አስቀምጦ በፍሬ ሲጋራና ማስቲካ መሸጥ ጀመረ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጣለች። ዛፉ ሥር ስለሚውል ቆጠራውን ከእኔ ወስደው ለእሱ ሰጡት፤ ሙሉው ቁጥርም አምስት ሆነ። በየቀኑ ይቆጥረኛል። በየቀኑ ምንም አይለኝም። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ሰንሰለቴ ወለቀ። ጥቁር በጥቁር ሆኜ መልሼ አስገብቼ፣ ጥጉ ላይ ስደርስ ሰዎቹ ሊወርዱ ሲሰናዱ ታዩኝ። ደወሌን ሦስት ጊዜ መታሁ። አዴር ቀና ብሎ አየኝ። ደህና አድርጎ ነው ያየኝ፤ ዓይን ለዓይን።

«ሞልታችኋል!» አላቸው። «ሂዱ፣ ሂዱ!»

ሄዱ። ዳሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አሸዋው ነጭ ሆኖ ይነዳል። ማዶ ቁጥቋጦው ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ተነስተው ሱሪያቸውን አራገፉና የአባቴን ብስክሌት ያዩ ጀመር። አንደኛው «ነይ እንጂ እህቴ፣ እንግፋልሽ!» ብሎ ጮኸ። በእጁ ፌሮ ይዟል።

«ሂጂ እንጂ ናያ» አለ አዴር፤ በሶማሊኛ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው። «ሰልፍ ያመልጥሻል።»

ቤት ብመለስ አባቴ ምን ሆነሽ ቀረሽ ይለኛል። ብስክሌቱን ኒሙ ላይ አስደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ጎማውን ግን አልለቀቅሁም። ጎረምሶቹ ብዙ ጠበቁ። ከዚያ ሰልችቷቸው መልሰው ተኙ።

ብዙ ቆይቶ አዴር ሳያየኝ ጠየቀኝ። «ያን ቀን ደወሌን ሰምተሽ ነበር?»

አባቴ ቢሆን እዋሸው ነበር። «ሰምቼ ነበር» አልኩት።

«እኔም ዛሬ ሰምቼሻለሁ» አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌሎች ባለ ብስክሌቶች ተሰበሰቡ። አዴር ቆጠራቸው። በመጨረሻ በዚያች በማትታጠፍ እጁ ጠቆመኝና እኔንም ቆጠረኝ። የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶም ቢሆን ከእነሱ ጋር ወረድኩ፤ አሸዋው ያን ያህል ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር።