የጋቶኒ ንፍሮ

በማቲዮያ ወንዝ ዳር፣ እኛ ሰፈር፣ በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ድንችና የዱባ ቅጠል አንድ ድስት ውስጥ በስለው፣ ተደቁሰው ይበላሉ። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። በሙራጉሪ ግቢ ግን አራቱ በአንድ ድስት ተገናኝተው አያውቁም። የላይኛው ማሳ የታላቂቱ ሚስት የጋቶኒ ነው፤ በቆሎና ቦሎቄ ያበቅላል። ውሃ ገቡ የታችኛው ማሳ የጣውንቷ የዋንጌቺ ነው፤ ድንችና ዱባ ይወጣበታል። ጋቶኒ ከዚያ ማሳ አንድ ቅጠል ከምትለምን ንፍሮዋን በደረቁ ማላመጥ ትመርጣለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ መረጠችም።

ማታ ሁለቱም የየራሳቸውን ሳህን ወደ ባላቸው ጎጆ ይልካሉ። ወንዶች ሲበሉ ሴት አትገባም። ጋቶኒ የምታየው የሚመለሰውን ሳህን ብቻ ነበር። ከእሷ ሳህን ሥር ሁልጊዜ ጥቂት ፍሬ ይቀራል፤ የዋንጌቺ ግን ተልሶ ይመጣል። በዚያች ጥቂት ፍሬ በዋንጌቺ ስትቀና ኖረች። ቅናት ማስረጃ አጥቶ አያውቅም፤ ከሳህን ሥርም ቢሆን ይለቅማል።

ዘንድሮ ሙራጉሪን እግሩ ከዳው፤ እንደ ወጉም ታላቂቱ ቤት ተኛ። ጋቶኒ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ዋንጌቺ የላከችውን ሳህን ከበር መለሰችው። ሽማግሌው ግን ንፍሮዋን ጥቂት አላምጦ ይተወዋል። እያየነው ከሳ፣ ጉንጩ ጎደጎደ።

ልጠይቀው ስሄድ በር ላይ ያዘችኝ።

«አብረኸው ስትበላ የኖርክ እኩያው ነህ። እውነቱን ንገረኝ፤ እሷን ናፍቆ ነው?»

«የካማንዴ እናት፣» አልኳት በልጇ ስም ጠርቼ፣ «ያንቺን ለብቻው በልቶ አያውቅም።»

«አላልኩም?»

«የእሷንም ለብቻው በልቶ አያውቅም። ንፍሮሽን ድንቿ ላይ ይገለብጥና በማንኪያ ጀርባ ይደቁሰዋል። ከዚያ ነው የምንበላው።»

«በእሷ ሳህን ላይ?» አለች።

«ሰፊ ስለሆነ ነው።»

«የእሷ ለምን በእኔ ላይ አልተገለበጠም?»

«እሱ እየሞተብሽ ነው» ብቻ አልኳት።

ሳህን አንስታ ቁልቁል ወረደች። ተከተልኳት። ዋንጌቺ ደጃፏ ላይ ድንች እየላጠች ነበር።

«ዛሬ ከየት ወጣሽ?»

«ለዶሮዎቼ ትንሽ ድንች ፈልጌ።»

«የዱባ ቅጠልም ይበላሉ?»

«አውራው ታሟል።»

ዋንጌቺ ሳህኑን ከድስቷ ሞላችው። «አውራ ዶሮሽ ጨው ይወዳል፤ አትሰስቺበት» አለች። ጋቶኒ ፊቷን ስታዞር ደግሞ ቀስ ብላ፣ «እግሩስ እንዴት ነው?»

«ነይና እይው» አለች ጋቶኒ፣ ዞር ሳትል።

ቤቷ ስንደርስ ድንቹን በራሷ ሳህን፣ በንፍሮዋ ላይ ገልብጣ ደቆሰችው። ሙራጉሪ ቀመሰ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ማንኪያውን ከእጇ ተቀበላት። ዋንጌቺ በሩን ተደግፋ ታያለች። ጋቶኒ ግን ዓይኗን ከሳህኑ አልነቀለችም። በልቶ ሲጨርስ ሥሩ ላይ አንዲት የቦሎቄ ፍሬ ቀርታ ነበር።

ዋንጌቺ ሳታያት፣ ጋቶኒ ጀርባዋን ሰጥታ ቶሎ ዋጠቻት።