ቂብላ በጥልቅ ህዋ

ከክፍል ውስጥ ነው የወሰዱኝ፤ ሰሌዳው ላይ «ጥልቅ ህዋ» ብዬ ጽፌ፣ ጠመኔው በእጄ እንዳለ። በጠራራ ፀሐይ፣ እጄን እንኳ ሳያስሩ፣ መካነ ሰላም ከተማን በእግር አቋርጠን መስኮት የሌለው አሮጌ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ።

እዚያ የነበሩት ሁሉ በሌሊት፣ ሸራ በለበሰ መኪና የመጡ ናቸው። የእኔ በቀን መምጣት አልጣማቸውም።

«ምን አድርገህ ነው?» አለኝ የእስረኞቹ አለቃ፣ ከወረኢሉ የመጣ ሾፌር።

«እኔ እንጃ። ስለ ጥልቅ ህዋ እያስተማርኩ ነበር።»

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ! ጆሮ ጠቢ ነው፤ አፋችሁን ያዙ።»

ተናደድኩ። እኔም እሱን ጠረጠርኩት፤ ለመሆኑ አለቃ ያደረገው ማን ነው?

ጥግ ላይ ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ የወግዲ ሽማግሌ ነበሩ። ጭንቃቸው ቂብላው፣ ዞረው የሚሰግዱበት የመካ አቅጣጫ ነው። ዘበኛውን ቢጠይቁት ወደ አንዱ ግድግዳ ጠቆማቸውና በሩ ላይ ሲደርስ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሲሰግዱ ልባቸው አይረጋም። መካ ከእኛ በስተሰሜን ናት፤ እኔ ደግሞ ፀሐይዋን እያየሁ ስለገባሁ ሰሜኑን አውቀዋለሁ።

«ሼሁ፣ በዚህ በኩል ነው» አልኳቸው።

«ማን ላከህ?» አሉኝ።

«ማንም» አልኩ። እሳቸውም «ያ ታስተምረው የነበረው ምንድን ነው?» አሉ። ሊፈትኑኝ እንደሆነ ገብቶኛል።

«ህዋ ከምድር አየር ውጭ ያለው ነው። ጥልቅ ህዋ የምንለው ከጨረቃ ወዲያ ያለውን፣ ሩቁን ነው። ከዋክብት የሚያጠኑ ሰዎች ደግሞ ከፀሐይና ከፕላኔቶቿ ውጭ ያለውን እንዲህ ይሉታል።»

«ወደ ላይ ሆኖ ጥልቅ ይባላል እንዴ?»

«እዚያ ላይና ታች የለም። ሰሜንም የለም።»

«ያ ረቢ! እዚያ የደረሰ ሰው ታዲያ ወዴት ዞሮ ይሰግዳል?»

«አላውቅም፣ ሼሁ።»

ሾፌሩ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ጆሮ ጠቢ የማያውቀውንም አውቃለሁ ይላል» አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። «በል ልጄ፣ አዙረኝ።»

ትከሻቸውን ይዤ ወደ ሰሜን አዞርኳቸው። በዚያ በኩል እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠው ሾፌሩ ነበር። ክፉኛ ገላመጠኝ፤ ግን ጉልበቱን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀላቸው። ሌሎቹም እግራቸውን ሰበሰቡ። ሼሁ ተረጋግተው ሰገዱ።

በማግስቱ ጠርተው ወሰዷቸው። አልተመለሱም።

ከተፈታሁ በኋላ ወደ ማስተማሬ ተመለስኩ። ከወግዲ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ ሼሁ እጠይቃለሁ፤ ደህና መሆናቸውን ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው። ሰውየው ወዲያው አይመልስልኝም። ጆሮ ጠቢ እንዳልሆን ፊቴን ትክ ብሎ ያይና «አንተ ምናቸው ነህ?» ይለኛል።