የእትዬ የጸሎት ርዕስ

ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ መልስ እትዬ ሳሎን የምልጃ ጸሎት አለ። እትዬ አከራዬ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቶ «ደክሞኛል» ብሎ መቅረት አይታሰብም፤ የምኖርባት ሰርቪስ ክፍል መብራት ከሳሎናቸው ይታያል። ደንቡ ደግሞ ለራስ መጸለይ የለም። አንዱ የጸሎት ርዕሱን ይናገራል፣ በግራው ያለው ተቀብሎ ጮክ ብሎ ይጸልይለታል። ከእትዬ በስተግራ ያለችው ወንበር የእኔ ናት። አንድም ቀን ቀድሞኝ የሚቀመጥባት ሰው አልተገኘም።

የእትዬ ርዕስ አይቀየርም። ወርቅ ልቆፍር ብሎ ወደ ዲማ የወረደው ልጃቸው ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል፤ በሰላም ይመለስላቸው። የምተኛባት ሰርቪስ የእሱ ክፍል ነበረች። ሲያከራዩኝም «ልጄ እስኪመጣ ነው» ብለውኛል። በሥራ ከዋጫ ተቀይሬ ቦንጋ ስመጣ ለወራት ዘመድ ቤት ወለል ላይ ተኝቼ ነው ያገኘኋት። እንግዲህ በየሳምንቱ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሌሎቹ «አሜን» እያሉልኝ፣ ከቤቴ እንድወጣ እጸልያለሁ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ያናድደኛል። ጸሎቱንም አጣምመዋለሁ፦ «ጌታ ሆይ፣ ባለበት ጠብቀው፣ ባለበት ባርከው።» «ይምጣ» የምትለዋ ቃል ከጉሮሮዬ አትወጣም።

ባለፈው ረቡዕ ዝናቡ ሰውን ሁሉ አስቀረና እኔና እትዬ ብቻችንን ቀረን። ዓይኔ በሩን በሩን ያያል። እሳቸው ግን ወንበራቸውን አዙረው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ዛሬ እኔ ልጸልይልሽ። ርዕስሽ ምንድን ነው?»

«ስለ ቤት፣ እትዬ።» አፌ ቀደመኝ።

እጄን ያዙ። «ጌታዬ፣ ይህቺ ልጅ መንከራተቱ ይብቃት። ከዚያች ክፍል ማንም አያስወጣት። ልጄም ሲመጣ እዚሁ ሳሎን ከእኔ ጋር ያድራል።»

ጸሎታቸውን ማጣመሜን ያወቁ መሰለኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ቅሬታ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ተራዬን ጠበቁ። እጄን አልለቀቁትም። የምሸሽበት አጣሁ።

«ይምጣ» አልኩ። «ጌታዬ፣ ልጃቸው ይምጣ። ክፍሉ ይግባ፣ አልጋው ላይ ይተኛ።» እያለቀስኩ ነበር፤ ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አልለየሁትም። ለሰው መጸለይ ከእኔ ምንም የማይወስድ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ከቢሮ እንደወጣሁ ደላላ ጋ ሄጄ ቤት ፈልግልኝ አልኩት። ልጁ ገና አልመጣም።