ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር

ፖሊሶች የያዙኝ ወልቂጤ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከማስተምርበት ክፍል በር ላይ ነው። በዚያ ሰሞን መምህራን በየተራ ይታሰሩ ስለነበር ብዙም አልገረመኝም። የምርምር ማስታወሻዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ወሰዱት።

ያስገቡኝ የእስር ክፍል አምስት እርምጃ በአራት ነው። ከግድግዳው ማዶ ሽንት ቤት ስላለ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከጎኔ የነበሩት አዛውንት ቡታጅራ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይዱ ሰው ናቸው። ለምን ፈገግ እንዳልኩ ጠየቁኝ።

«ይሄ ሽታ ሥራዬ ነው» አልኳቸው። «ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ነው። የማጠናው እሱን ነው።»

«ሽንት ቤት ነው እንዴ የምታጠናው፣ መምህር?»

«ሰውነታችንም በጥቂቱ ያመርተዋል፣ ጋሼ። ሕዋስ ውስጥ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ብዙዎቹ ሰልፈር አለባቸው። ከጋዙ የመጣ ሌላ ሰልፈር እዚያ ላይ ሲደረብ የፕሮቲኑ ሥራ ይለወጣል። ለዘለቄታው እንዳይበላሽም ይከላከልለታል።»

«እንደ አንቲረስት በለኛ። ብረቱ እንዳይዝግ እንደምንቀባው።»

«እንደሱ። ድርቡ ሲጎዳ ግን ሕዋሱ ያነሳውና ፕሮቲኑ እንደ ድሮው ይሆናል።»

«እኔን የጎዳኝን ግን እንደዚያ የሚያነሳልኝ የለም» አሉ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ማስታወሻዬን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ።

«ይሄ ጋዝ ሰው ይገድላል?»

«ሲበዛ ይገድላል። በመጠኑ ግን ሰውነት ይፈልገዋል። አሁን እርስዎም ውስጥ አለ።»

የጻፈው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሰው በሚገድል ጋዝ ላይ እንደምሠራ አምኛለሁ የሚል ቃል አንብቦ ወረቀቱን ገፋልኝ።

«ፈርም። ሚስትህ በር ላይ ናት፤ ዛሬውኑ ትገናኛላችሁ።»

«ሁለተኛውም ይጻፍልኝ።»

ወደ ክፍሌ መለሱኝ። ባለቤቴንም ሳላያት ሸኟት። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ።

«ምን አለበት፣ ፈርመህ ብታያት?» አሉኝ አዛውንቱ።

«ግማሹ ብቻ ከተጻፈ ውሸት ነው።»

ዳቧቸውን ቆርሰው ሰጡኝ።

በአምስተኛው ቀን መርማሪው ሰለቸው መሰለኝ፣ እስክሪብቶውን አቀበለኝ። እሱ ከጻፈው ሥር ቀስ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህ ጋዝ በመጠኑ በማንኛውም ሰው ሰውነት ውስጥ ይገኛል፤ ፕሮቲኖችን ከጉዳት ይከላከላል።» ከሥሩ ፈረምኩ።

ከሳምንታት በኋላ ያለ ክስ ፈቱኝ። አሁን አንድ የግል ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ወደ ምርምሩ አልተመለስኩም። ያ ወረቀት የት እንደገባ አላውቅም። መዝገቡን የሚከፍት ሰው ካለ ግን ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች ያነባል።